ከጥቅምት 30 በኋላ የተገኘ ስህተት፦ ሁለት ኮንቴይነር ሰሊጥና አንቀጽ 29



የሰሊጥና የቡና ዋጋ ነገ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ይለቀቃል። ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን ስለ ግብር እናወራለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ጥቅምት 30 ካለፈ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ግብራችንን አሳውቀን፣ ከፍለን ጨርሰናል። በኋላ ሒሳቡን ስናገላብጠው ስህተት አገኘንበት። አሁን ምን ይሻላል? ዝም እንበል ወይስ እንናገር?» ከላኪም፣ ከዩኒየን ሒሳብ ሹምም፣ ከእህል ነጋዴም መጥቷል።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንደ እናንተው ነጋዴ ነኝ። ግን ይሄው ነገር ባለፈው ዓመት በራሴ ደርሶብኛል። ያየሁትን፣ የከፈልኩትንና የተማርኩትን በቁጥር ላስቀምጥላችሁ። ለማቅለል ያህል ቁጥሮቹን በጥቂቱ አስተካክያቸዋለሁ፤ ስሌቱ ግን እውነተኛው ነው።

👉 ጥር ላይ የጎደለችው ሽያጭ

ቢሯችን ለገሃር ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። በመስኮቱ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይታያል፤ ቀላል ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ ጠረጴዛው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ድርጅቱ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነው። ሰሊጥና ጥራጥሬ እንልካለን፤ ትልቅ የሚባል ድርጅት አይደለም።

የ2016 በጀት ዓመት ግብራችንን ጥቅምት 28/2017 አሳወቅን፣ ከፈልን፣ ክሊራንስ አወጣን፣ ንግድ ፈቃድ አደስን። በቃ አለቀ ብለን ነበር።

ጥር 2017 መጀመሪያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛችን ለባንክ ብድር የሚቀርብ ሰነድ ስታዘጋጅ፣ የዓመቱን የኤክስፖርት ዲክላራሲዮኖች ከሽያጭ መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ታመሳክራለች። አሥራ አንድ ዲክላራሲዮን አለ፤ ሽያጩ ግን አሥር ነው። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የሰኔዋ ሰሊጥ የለችም» አለችኝ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። አልደብቅም፣ ጮኬባታለሁ። ፋይሉን ስንገልጠው ግን ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ትራንዚተሩ የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ኮፒ በሰኔ መጨረሻ ለእኔ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። እኔ «ገንዘቡ ሲገባ አብሬ እሰጣታለሁ» ብዬ ስልኬ ላይ ተውኩት። እሷ ጋ የደረሰው የባንኩ አድቫይስ ብቻ ነው፤ ቀኑም ሐምሌ 26/2016 ነው። ስለዚህ በሐምሌ 26 «ሽያጭ» ብላ መዘገበች። ሐምሌ 26 ደግሞ የ2017 በጀት ዓመት ነው።

👉 ስህተቱ በቁጥር

ጭነቱ ሁለት ኮንቴይነር፣ 38 ቶን ሰሊጥ ነው። የውሉ ዋጋ በቶን 1,800 ዶላር ስለሆነ ጠቅላላው 68,400 ዶላር ይሆናል። ሽያጩ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ነው፤ መርከብ ላይ የተጫነውም ሰኔ 20/2016 ነው።

ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ገቢውን የሚመዘግበው ገንዘቡ ባንክ በገባበት ቀን አይደለም፤ ገቢው የእሱ በሆነበት ቀን ነው። ኤፍኦቢ ከሸጣችሁ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን የእናንተ ድርሻ አልቋል። ስለዚህ የእኛ ሽያጭ የሰኔ ነው፤ ገንዘቡ መቼም ይግባ።

አሁን ደግሞ የዚያን ዓመት ጉድ አስታውሱ። ሐምሌ 22/2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ከዚያም በየቀኑ ወጣ። የእኛ ገንዘብ ሲገባ 80 ብር ሆኖ ተመነዘረ እንበል። እንግዲህ፦

▪️ የሰኔው ሽያጭ በሰኔው ተመን፦ 68,400 × 57 = 3,898,800 ብር። ይሄ የ2016 ገቢ ነው።
▪️ ባንክ የገባው፦ 68,400 × 80 = 5,472,000 ብር።
▪️ ልዩነቱ፦ 1,573,200 ብር። ይሄ የ2017 የምንዛሪ ትርፍ ነው እንጂ የሰሊጥ ሽያጭ አይደለም።

እኛ ግን 5,472,000ውን በሙሉ የ2017 ሽያጭ አድርገነዋል። የሰሊጡ መግዣ፣ የማበጠሪያውና የተሳቢው ኪራይ ደግሞ በ2016 ወጪ ሆኖ ተቀንሷል። ወጪው በአንድ ዓመት፣ ገቢው በሌላ ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የ2016 ትርፋችን በ3,898,800 ብር አንሶ ተገልጿል። በ30 በመቶ ሲሰላ ያልተከፈለው ፍሬ ግብር 1,169,640 ብር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ሰሞን በሰኔ ጭነው በሐምሌና በነሐሴ የተከፈሉ ላኪዎች ብዙ ናቸው። ፋይላችሁን ዛሬውኑ ክፈቱና የሰኔ 2016ን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከሽያጭ መዝገባችሁ ጋር አስተያዩ።

ግልባጩም አለ። መኪናው ከመጋዘን ሰኔ 28 ወጥቶ መርከብ ላይ የተጫነው ሐምሌ 5 ከሆነ፣ በኤፍኦቢ ውል ሽያጩ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ያ እህል ሰኔ 30 ላይ «በመንገድ ላይ ያለ ክምችት» ተብሎ መቆጠር አለበት። በሰኔ ሽያጭ ካደረጋችሁት ግብር ያለ ጊዜው ከፍላችኋል ማለት ነው።

👉 «በሚቀጥለው ዓመት ይከፈል የለም እንዴ?»

ይሄ የወንድሜ ክርክር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠንካራ ክርክር ነው። «እኛ የሰወርነው ነገር የለም። ገንዘቡ በባንክ ነው የገባው፣ በ2017 ተመዝግቧል፣ በጥቅምት 2018 ግብሩ ይከፈላል። መንግሥት አንድ ሳንቲም አያጣም። ለምን የተኛ አንበሳ እንቀሰቅሳለን?»

እኔም ለሁለት ቀን አመንኩት። ጎረቤት ቢሮ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አንጋፋ ሰው አሉ። ቡና ጋበዝኳቸውና ነገሩን «የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» ብዬ አጫወትኳቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ለዚያ ሰው ሁለት ነገር ንገረው» አሉኝ። «አንደኛ፣ እያንዳንዱ የግብር ዓመት ለብቻው ነው የሚቆመው። የ2016 ዕዳ መክፈያው ጥቅምት 30/2017 ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀጫና ወለድ ይቆጥራል። በ2018 የምትከፍለው የሌላ ዓመት ግብር ነው። ሁለተኛ፣ ኦዲተር ሲመጣ 2016ን ብቻ ለይቶ ቢይዝ ገቢውን በ2016 ይጨምርብሃል። ከ2017 ላይ ግን ማን ይቀንስልሃል? ራስህ ነህ የምትጠይቀው። እስክትጠይቅና እስኪወሰንልህ ድረስ በአንድ ሰሊጥ ሁለት ጊዜ ግብር ከፍለህ ትቀመጣለህ።»

«የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» ያልኩትን እንዳላመኑኝ ያወቅኩት «ልጄ» ሲሉኝ ነው።

👉 ሕጉ ምን ይላል?

የእኛ ፋይል የታየው በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አዋጁን ከነማሻሻያው ያዙ። ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

1. የምናስገባው ማስታወቂያ፣ በተለምዶ ዲክላሬሽን የምንለው፣ በሕጉ ዓይን ግብር ከፋዩ በራሱ ላይ የሠራው የታክስ ስሌት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ በራሳችሁ ስሌት ላይ «ቅሬታ አለኝ» ብላችሁ ቅሬታ ሰሚ ጋ መሄድ አትችሉም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

2. ትክክለኛው በር አንቀጽ 29 ነው። ግብር ከፋዩ ራሱ ያሰላው ግብር እንዲሻሻልለት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ሁለት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን እንዲሻሻል እንደሚፈልግና ለምን እንደሆነ።

3. ጊዜው አምስት ዓመት ነው። የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። የእኛ ጥቅምት 28/2017 ስለገባ እስከ ጥቅምት 28/2022 ድረስ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱም በአንቀጽ 28 መሠረት በራሱ ጊዜ ስሌቱን ለማሻሻል ያለው ጊዜ ያው አምስት ዓመት ነው። ማጭበርበር ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ቸልተኝነት ካለ ግን ገደብ የለውም፤ በማንኛውም ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ደግማችሁ አንብቡ። ስህተቱን ያላወቀ ሰው ተሳስቷል። ያወቀና ዝም ያለ ሰው ግን ከአምስት ዓመት በኋላም «አላወቅኩም ነበር» ማለት ይከብደዋል። የሒሳብ ሠራተኛችን በሬ ላይ ቆማ ከነገረችኝ ደቂቃ ጀምሮ እኔ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ዝም ብል ደግሞ እሷንም አብራ ዝም እንድትል ነው የምጠይቃት። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

👉 ዝምታ ስንት ያወጣል?

አሁን ወደምንወደው ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአዋጁ መሠረት ሦስት ነገር ፍሬ ግብሩ ላይ ይደረባል፦

▪️ ዘግይቶ የመክፈል መቀጫ፦ ለመጀመሪያው ወር ወይም የወር ክፋይ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወር ክፋይ 2 በመቶ። ጣሪያው የፍሬ ግብሩ መጠን ነው።
▪️ አሳንሶ የማሳወቅ መቀጫ፦ ከጎደለው ግብር 10 በመቶ። ለሁለተኛ ጊዜ ከተገኘባችሁ 30 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜና ከዚያ በላይ 40 በመቶ።
▪️ ወለድ፦ በአገሪቱ ባለው ከፍተኛው የንግድ ማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት የሚሰላ።

መቀጫውና ወለዱ የሚቆጠሩት ማሻሻያው ከተሠራበት ቀን አይደለም፤ ግብሩ መጀመሪያ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው።

እኛ ጥር 20/2017 ብንከፍል፦ ኅዳር 5፣ ታኅሣሥ 2፣ ጥር 2፣ ድምር 9 በመቶ። 105,267 ብር ከ60 ሳንቲም።
እስከ ጥቅምት 30/2018 ብንጠብቅ (የወንድሜ መንገድ)፦ 12 ወር፣ 27 በመቶ። 315,802 ብር ከ80 ሳንቲም።
አራት ዓመት ብንደበቅ፦ 48 ወር፣ 99 በመቶ። 1,157,943 ብር ከ60 ሳንቲም። ፍሬ ግብሩን እጥፍ ሊያደርገው አንድ በመቶ ቀረው።

ወለዱና የ10 በመቶው መቀጫ (116,964 ብር) ከዚህ ውጭ ናቸው።

አንድ ቡና ላኪ ወዳጅ አለኝ። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ነገር አግኝቶ «ማን ያየዋል» ብሎ ተወው። በአራተኛው ዓመት ኦዲተሮቹ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖቹን ዘርግተው ጠበቁት። እኛ ደግሞ ላኪዎች ነን፤ የምንሸጠው ዕቃ በጉምሩክ ያልፋል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ፐርሚቱ ይመዘገባል። አንዱን ጭነት ሦስት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጽፎታል። እኛ ብቻ ብንረሳው አልተረሳም።

👉 ያደረግነው በቅደም ተከተል

አንድ፦ ስህተቱ አንድ ብቻ መሆኑን አረጋገጥን። ማመልከቻ አስገብቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሌላም አለ» ብሎ መመለስ ያሳፍራል፤ እምነትም ያሳጣል። የዓመቱን ዲክላራሲዮን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስና የባንክ አድቫይስ በአንድ ሠንጠረዥ አሰለፍን። ሦስት ቀን ፈጀ።

ሁለት፦ ከማስታወቂያው ላይ የትኛው መስመር እንደሚቀየር ለይተን ጻፍን። «ገቢያችን ተሳስቷል» ማለት አይበቃም። የተጻፈው ቁጥር ይሄ፣ ትክክለኛው ይሄ፣ ልዩነቱ ይሄ።

ሦስት፦ ፍሬ ግብሩን ቶሎ ለመክፈል የክፍያ ማዘዣ ጠየቅን። ማመልከቻው እስኪታይ መቀጫው መቁጠሩን አያቆምም፤ የሚያቆመው ክፍያ ነው። ለሚቀጥለው ጭነት መግዣ ያስቀመጥነውን ብር ነው ያወጣነው። ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አብሮኝ አልበላም።

አራት፦ ማመልከቻውን ከነአባሪዎቹ ፋይላችን ላለበት ቅርንጫፍ አስገብተን፣ የእኛን ቅጂ ማኅተምና ቀን አስመትተን ያዝን። በኢ-ታክስ የምትጠቀሙም ብትሆኑ አዲስ ቁጥር ሲስተሙ ላይ ጭኖ ዝም ማለት አይበቃም፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ደብዳቤና ማስረጃ ይኑራችሁ።

አምስት፦ የ2017ን መዝገብ ወዲያው አረምን። 5,472,000 ብሩን ከሽያጭ አወጣን፤ 1,573,200ውን የምንዛሪ ትርፍ አደረግን። የ2017 ማስታወቂያ ገና ስላልገባ ለእሱ ማመልከቻ አላስፈለገም። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም ዓመት አብሮ ማመልከት ነበረብን።

የደብዳቤውን አካል ለጠየቃችሁኝ፦

«ጉዳዩ፦ የ2016 በጀት ዓመት የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ስሌት በአዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 29 መሠረት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ድርጅታችን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ......... የሆነ ሲሆን የ2016 በጀት ዓመት የግብር ማስታወቂያውን በ....... ቀን በደረሰኝ ቁጥር ....... አስገብቷል። ከዚያ በኋላ ባደረግነው የሰነድ ማመሳከር፣ በ....... ቀን መርከብ ላይ የተጫነና በዲክላራሲዮን ቁጥር ....... የተላከ ዕቃ ሽያጭ፣ ክፍያው በሚቀጥለው በጀት ዓመት በመግባቱ ምክንያት በስህተት ሳይካተት መቅረቱን ራሳችን ደርሰንበታል። በዚህም በማስታወቂያው ላይ ብር ....... ተብሎ የተገለጸው የሽያጭ ገቢ ብር ....... ሆኖ እንዲስተካከል፣ የሚፈለግብን ተጨማሪ ግብር ብር ....... መሆኑም ታይቶ የተሻሻለ የታክስ ስሌት ማስታወቂያ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ውል፣ ኢንቮይስ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ አድቫይስና የክፍያ ደረሰኝ በአባሪነት አያይዘናል።»

በቃ፣ አጭር ነው። ልመናም፣ ረጅም ታሪክም አያስፈልገውም።

👉 ውጤቱስ?

ሁለት ጊዜ ተጠርተን ጠየቁን። የመጀመሪያው ስለ ውሉ ነበር፦ ኤፍኦቢ መሆኑን አሳዩን አሉ። ሁለተኛው ስለ ወጪው፦ የዚያ ሰሊጥ መግዣ በእርግጥ በ2016 መቀነሱን። ሁለቱንም በሰነድ መለስን። ከሳምንታት በኋላ የተሻሻለው ስሌት ደረሰን።

ዘግይቶ የመክፈል መቀጫውንና ወለዱን ከፈልን። የ10 በመቶው መቀጫ እንዲነሳልን «ስህተቱን ያገኘነው ራሳችን ነን» ብለን በጽሑፍ ጠየቅን፤ አዋጁ በመመሪያ መሠረት መቀጫ ማንሳትን ይፈቅዳል። የእኛ ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ከፈልነው። ስለዚህ «ራሳችሁን ካጋለጣችሁ ይማሯችኋል» አልላችሁም። እላችኋለሁ የምለው ቁጥሩን ነው፦ እኛ ከፍሬ ግብሩ በላይ በመቀጫ ያወጣነው 222,231 ብር ከ60 ሳንቲምና ወለዱን ነው። ወዳጄ ያወጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፤ እሱም በግዥ ወቅት፣ ብር በሚያስፈልግበት ሰዓት።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የከፈላችሁትን መቀጫ በሚቀጥለው ዓመት ወጪ አድርጋችሁ እንዳትቀንሱ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ሕግ በመጣስ የተከፈለ መቀጫ ተቀናሽ ወጪ አይደለም። አንዱን ስህተት ስታርሙ ሌላ ስህተት እንዳትወልዱ።

👉 ማመልከቻችሁ ውድቅ ቢደረግስ?

አንቀጽ 29 ላይ የሚሰጠው መልስ ግን፣ ከራሳችሁ ስሌት በተለየ፣ የታክስ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ። በቅሬታው ካልረካችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፤ እዚያ ለመሄድ ግን ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ግድ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ 75 በመቶ። ለዚህ ነው የደብዳቤው ቀንና ማኅተም ወርቅ የሆነው። 21 ቀን ቶሎ ያልቃል፤ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ካለፈ መብቱ አብሮ ያልፋል።

👉 በየቤታችሁ ልትፈትሹ የሚገባችሁ

▪️ ዩኒየኖች፦ ሰኔ 30 ላይ ያለ ክምችት። በራሳችሁ መጋዘን ያለው ብቻ ሳይሆን በምርት ገበያ መጋዘን ገብቶ ያልተሸጠውም፣ በማበጠሪያ ያለውም የእናንተ ነው። ቆጠራው ከጎደለ ትርፉም ጎድሏል። ግብር የማይከፈልበት ገቢ ቢኖራችሁም ከሠራተኛ ደመወዝና ከግዥ ላይ የምትቀንሱት ግብር ለብቻው ይታያል።

▪️ እህል ነጋዴዎች፦ የተቀነሰባችሁ ቅድመ ግብር፣ ማለትም ዊዝሆልዲንግ። ገዢው ቀንሶባችሁ ደረሰኙን ስላልሰጣችሁ ሳታካክሱ የቀረ ካለ፣ በዚሁ በአንቀጽ 29 መጠየቅ ትችላላችሁ። ማረም ለመክፈል ብቻ አይደለም፤ የራስን ለማስመለስም ነው። ተመላሽ ግን የራሱ ማመልከቻና የራሱ የጊዜ ገደብ አለውና «አምስት ዓመት አለኝ» ብላችሁ አትተኙ።

▪️ ላኪዎች፦ የሰኔና የሐምሌ ጭነቶች፤ ውሉ ኤፍኦቢ ነው ወይስ ሌላ፤ የምንዛሪ ልዩነቱ ከሽያጭ ተለይቷል ወይ።

▪️ ሁላችንም፦ የ2016ን ስታርሙ በ2016 በነበረው ሕግ ነው። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ብዙ ነገር ስለቀየረ የዘንድሮን ምጣኔ ወስዳችሁ የድሮ ዓመት ላይ አትለጥፉ። ሰነዱንም ሕጉ ያዘዘው የማቆያ ጊዜ ሳያልቅ አትጣሉ።

በእኛ ቤት አሁን አንድ ደንብ አለ። ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 15 ማንኛውም የጭነት ሰነድ ስልኬ ላይ አያድርም፤ በደረሰኝ ሰዓት ለሒሳብ ሠራተኛችን ይላካል። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ማስታወቂያው ከመግባቱ በፊት ዲክላራሲዮኖቹን እሷ እየጠራች ወንድሜ እያጣራ ቆጠሩ። አሥራ አራት ዲክላራሲዮን፣ አሥራ አራት ሽያጭ። ከዚያ ወንድሜ «ምሳ እኔ ነኝ» አለ።

የድሮ ሰዎች ከለገሃር ጣቢያ ቡና ወደ ጅቡቲ ሲጭኑ ባቡሩ የተነሳበት ቀን ነበር የሚቆጠረው ይላሉ ጎረቤቴ፤ ገንዘቡ የመጣበት አይደለም። ዛሬም ያው ነው።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የድርጅት ስምና ቁጥር ግን አትላኩ። ይሄን ጽሑፍ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ አጋሩ፤ ሲያነብም ደግሞ አትጩኹበት።

ነገ ጠዋት በሰሊጥ ዋጋ እንገናኝ። መልካም ገበያ!